ቢል ራስል በሌለበት ተፈረደበት

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ገጽ በኮምፒውተር የተካሄደ "ውድድር" አወጣ። ከተለያየ ዘመን 64 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ተጠሩ። ቁጥራቸው ወደ አንድ ፕሮግራም ገባ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ጨዋታ አሥር ሺህ ጊዜ አጫወተው። አማካዩ ተወሰደ፤ ተሸናፊው ተሰናበተ። በመጨረሻም አንዱ ቡድን የምንጊዜም ምርጥ ተብሎ ዘውድ ተጫነለት።

ዘውዱ ማን ላይ እንደተጫነ ግድ የለኝም። ያናደደኝ የመጀመሪያው ዙር ነው። የ1956ቱ ሳን ፍራንሲስኮ፣ የቢል ራስል ቡድን፣ በ2012ቱ ኬንታኪ ከ30 ነጥብ በላይ ተበልጦ ወጣ። የ1985ቱ ቪላኖቫም በዚያው ዙር ተሸኘ። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከሥሩ ማብራሪያ አለ። የራስል ቡድን ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ ስለማይወረውር ከዘመናዊ ቡድን ጋር ሊፎካከር አይችልም ይላል። ልከራከር ለሚል ደግሞ መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ኮምፒውተር ወገን የለውም።

ወገን የለውም! ከዚህችው እንጀምር።

ፕሮግራሙ ሳን ፍራንሲስኮን አይጠላም፤ ልክ ነው። ኬንታኪንም አይወድም። ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የትኛው ቁጥር እንደሚገባ ወስኗል። በየትኛው ሕግ እንደሚጫወቱም ወስኗል። ወገኑ ያለው እዚያ ነው። ሰው ወስኖ ሲያበቃ "ማሽኑ ነው ያለው" ማለት፣ የቢሮ ሠራተኛ ጉዳይህን ላለመጨረስ ሲፈልግ "ሲስተሙ አይቀበልም" እንደሚልህ ነው። ሲስተሙን ማን ሠራው?

ባለ ሦስት ነጥብ መስመር በዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ በመላ አሜሪካ የተሠመረው በ1986–87 የውድድር ዘመን ነው። ራስል ዩኒቨርሲቲውን የጨረሰው በ1956 ነው። መካከሉ 30 ዓመት ነው። በእሱ ጊዜ ከሩቅ ያገባም ሁለት ነጥብ፣ ከቅርብ ያገባም ሁለት ነጥብ ያገኛል። ታዲያ የትኛው ጤነኛ አሰልጣኝ ነው ልጆቹን ሰባት ሜትር ርቃችሁ ወርውሩ የሚላቸው? ያልነበረ መስመር ጀርባ ቆመህ አልወረወርክም ብሎ ሰውን መክሰስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው? አቤት ማለት እንኳ አይችልም። ራስል በ2022 አርፏል።

ገለልተኛ ሜዳ የሚባለው ነገርም ቀልድ ነው። ፕሮግራሙ ሁሉንም በዛሬ ሕግ ያጫውታል። ወይም ለዛሬ በጣም በቀረበ ሕግ። ስለዚህ የ2012 ቡድን ቤቱ ነው የሚጫወተው። የ1956 ቡድን እንግዳ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ።

አሁን የምለውን ነገር ግን ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም። ስለዚህ ትንሽ ልዘግይበት።

የዚህን ጨዋታ ሕግ ታሪክ ላየው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ሕጉ የሚቀየረው አንድ ሰው ሲያስቸግር ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቦብ ከርላንድና ጆርጅ ማይካን የሚባሉ ሁለት ረጃጅም ልጆች መጡ። ከርላንድ 2.13 ሜትር ነበር። ቅርጫቱ ሥር ይቆሙና ሊገባ የሚወርደውን ኳስ ከአየር ላይ ይመቱታል። ተጋጣሚ ምን ያድርግ? ከ1944–45 ጀምሮ ያ ተከለከለ። ከርላንድ ምን አደረገ? ከኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ጋር የ1945ን ዋንጫ ወሰደ። የ1946ንም ደገመ።

ቀጥሎ ራስል መጣ። በእሱ ጊዜ ቅርጫቱ ሥር ያለው የተቀባው ክልል ስፋቱ 1.8 ሜትር ገደማ ነበር። አጥቂ እዚያ ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም። ግን ክልሉ ጠባብ ስለሆነ ራስል ከጠርዙ ቆሞ አንድ እርምጃ ከገባ ቅርጫቱ እጁ ላይ ነው። የጓደኛውን ኳስ በአየር ላይ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይመራዋል። ሳን ፍራንሲስኮ በ1955 አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። በ1956 ደግሞ 29 ተጫውቶ 29ኙንም አሸነፈ። ካለ አንዲት ሽንፈት ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ቡድን ነው። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ክልሉ በእጥፍ ሰፋ፤ 3.6 ሜትር ሆነ። የጓደኛን ኳስ በአየር ላይ መምራትም ተከለከለ። ሰዎች ሕጉን በስሙ ነው የሚጠሩት፤ የራስል ሕግ።

ከዚያም ሊው አልሲንዶር መጣ፤ ኋላ ከሪም አብዱል ጀባር የሆነው። በ1966–67 ለዋናው የዩሲኤልኤ ቡድን በተሰለፈበት የመጀመሪያ ዓመቱ 30 ጨዋታ፣ 30 ድል። ወዲያው ዳንክ፣ ማለትም ዘልሎ ኳሱን ከላይ ቅርጫቱ ውስጥ መክተት፣ ታገደ። በይፋ የተሰጠው ምክንያት ተጫዋች እንዳይጎዳ፣ ቅርጫቱም እንዳይሰበር የሚል ነበር። እሺ እንበል። ግን ያን ጊዜ ማን እንደሚያሳስባቸው ያላወቀ አልነበረም። እገዳው እስከ 1975–76 መጨረሻ ቆየ። አልሲንዶር ካለ ዳንክም በ1968ና በ1969 ዋንጫ ወሰደ። ሁለቱን እጁን ሲያስሩበት በሦስተኛው የመጣ ይመስላል።

አያችሁ ነገሩን? እነዚህ ሰዎች በዘመናቸው ሕግ ሊገቱ ስላልቻሉ ሕጉ ተለወጠ። ዛሬ ደግሞ በተለወጠው ሕግ ይመዘናሉ። "አልቻሉም" ይባላሉ። ጨዋታውን ያስቀየረውን ሰው እሱን ለማቆም በወጣ ሕግ መዳኘት! ከዚያም ኮምፒውተር ወገን የለውም ማለት። የተሸነፈው ወገን ሕጉን ጻፈ፤ ከ70 ዓመት በኋላ ደግሞ ፕሮግራም ጻፈ ማለት ይቀላል።

ወደ ቁጥሮቹ እንግባ። ማብራሪያው ቁጥር አይዋሽም የሚል መንፈስ አለው። አይዋሽም ይሆናል። ዝም ግን ይላል።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ስፖርት የሚመራው ማህበር፣ ኤንሲኤኤ፣ የወንዶች ብሎክን፣ ማለትም የተጋጣሚን ውርወራ መትቶ ማስቀረትን፣ በይፋ መቁጠር የጀመረው በ1985–86 ነው። ኳስ ነጠቃንም እንደዚያው። አሁን የመጀመሪያውን ዙር ጨዋታ እንደገና ተመልከቱት። በአንድ በኩል የ2012ቱ ኬንታኪ አንቶኒ ዴቪስ። በዚያ የውድድር ዘመን 186 ብሎክ አለው። በሌላ በኩል ቢል ራስል። የተጋጣሚን ኳስ መምታትን ከመከላከያ ዘዴነት ወደ ጥበብ ያሳደገው ሰው። በይፋ መዝገብ ላይ ያለው ብሎክ ስንት ነው? ባዶ። አላደረገም ማለት አይደለም። የቆጠረለት የለም።

ታዲያ ፕሮግራሙ ምን አስገባ? ወይ ዜሮ አስገብቷል፤ ወይ ግምት አስገብቷል። ዜሮ ካስገባ ዓይን ያወጣ ስህተት ነው። ግምት ካስገባ ማን ገመተ? በምን መሠረት? ይኸው ነው እንግዲህ አሥር ሺህ ጊዜ የተደጋገመው። የተሳሳተ ነገር አሥር ሺህ ጊዜ ሲደገም አሥር ሺህ ጊዜ ስህተት ነው።

በ2012ቱ ፍፃሜ ዴቪስ የሠራውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ካንሳስ ላይ አሥር ጊዜ ወርውሮ አንድ ብቻ አገባ። ከነጻ ውርወራ ጋር ስድስት ነጥብ። ግን 16 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እና 6 ብሎክ ነበረው። የዚያ የፍፃሜ ሳምንት ኮከብም እሱ ተባለ። ትክክል ነው፤ ይገባዋል። ነጥብ ሳያገባ ጨዋታ የሚቆጣጠር ተጫዋች ነበር። አሁን ያን ብሎክ ከመዝገቡ ደምስሱትና ዴቪስን ለፕሮግራሙ ስጡት። ምን ይተርፈዋል? ከአሥር አንድ ያገባ ረጅም ልጅ። በራስል ላይ የተደረገው ይኸው ነው።

ሌላም ልጨምር። መጋቢት 1966 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኮል ፊልድ ሃውስ ውስጥ ቴክሳስ ዌስተርን ኬንታኪን 72 ለ 65 አሸነፈ። አሰልጣኝ ዶን ሃስኪንስ አምስት ጥቁር ተጫዋቾችን አሰልፎ ጀመረ። ፊት ለፊቱ ነጮች ብቻ ያሉበት የአዶልፍ ራፕ ኬንታኪ ነበር። ያን ጨዋታ የገለበጠው ቅጽበት የቱ ነው ብትሉ የሚያውቁት ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚነግሯችሁ። ቦቢ ጆ ሂል በመጀመሪያው አጋማሽ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ኳስ ነጥቆ ሮጦ አገባ። የኬንታኪ ልጆች ከዚያ በኋላ ኳስ ይዘው መሻገር ፈሩ። ያ ነጠቃ በይፋ መዝገብ ውስጥ የለም። ለፕሮግራሙ ሂል ሁለት ጊዜ ያገባ ልጅ ብቻ ነው። ፍርሃትማ ማን ይቆጥረዋል።

እሺ፣ ዛሬ ያሉት ተጫዋቾች ይበልጥ ግዙፍ፣ ይበልጥ ፈጣን ናቸው የሚለውስ? ይህን በየጊዜው የሚደግመው ሰው ራስልን አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም። ቁመቱ ከዴቪስ ጋር ተቀራራቢ ነው። በከፍታ ዝላይ ከ2 ሜትር በላይ ይዘል ነበር። ያውም ዋና ሥራው ሳይሆን በትርፍ ጊዜው። ቡድኑ በግቢው የራሱ ጂም እንኳ አልነበረውም፤ ሰፈር ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂም ተውሶ ነበር የሚለማመደው። ለዛሬ ልጆች የምግብ ባለሙያ፣ የጡንቻ አሰልጣኝ፣ የግል አውሮፕላን አላቸው። ያንን ለራስል ስጡትና ከዚያ እናወዳድር። ካልሰጣችሁት ያወዳደራችሁት በጀት ነው።

ደግሞ የትኛውን ቡድን ነው የጠራችሁት? በ1956 የሳን ፍራንሲስኮ ሁለተኛ ምሰሶ ኬ ሲ ጆንስ ነበር። በመደበኛው የውድድር ዘመን ተሰለፈ። ለዋንጫው ውድድር ግን የማህበሩ ደንብ ከልክሎት አልተሰለፈም። ቡድኑ ካለ እሱም ዋንጫውን ወሰደ። ራስል በፍፃሜው አዮዋ ላይ 26 ነጥብና 27 ሪባውንድ ነበረው። ፕሮግራሙ ውስጥ ጆንስ አለ ወይስ የለም? ማብራሪያው ዝም ይላል። የጠየቁ አንባቢዎችም መልስ አላገኙም።

ወደ አሥር ሺሁ ልመለስ። አማካይ መውሰድ ሳይንስ ይመስላል። ለሊግ ቢሆን እሺ እል ነበር። ይህ ግን ጥሎ ማለፍ ነው። አንድ ጊዜ ትጫወታለህ። ከተሸነፍክ ቤትህ ትገባለህ። መጋቢት ላይ የዩኒቨርሲቲዎቹ ዋንጫ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ የሚያሳጣን፣ ሥራ ቦታ በስልክ ተደብቀን የምናየው፣ አማካይ ስለሆነ አይደለም። አማካይን ስለሚያፈርስ ነው።

ስለ ቪላኖቫ ስጽፍ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እኔ የጆርጅታውን ሰው ነኝ። በ80ዎቹ ወደ ዲሲ የመጡ ሐበሾች አዳምስ ሞርጋን ላይ ምግብ ቤት ሲከፍቱ ከተማዋ የጆን ቶምፕሰን ነበረች። ቶምፕሰን በ1984 ይህን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ኮከቡ ፓትሪክ ዩዊንግ እንደኛው ስደተኛ ነበር፤ ከጃማይካ የመጣ። አባቶቻችን ቅርጫት ኳስ ሳይገባቸው ጆርጅታውንን ይደግፉ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ ቪላኖቫን በመጀመሪያው ዙር ሲጥለው ከማንም በፊት እኔ መደሰት ነበረብኝ።

አልቻልኩም። ውሸት ስለሆነ።

በውድድሩ ቡድኖች በአራት ምድብ ይከፈላሉ፤ በየምድቡም ከአንደኛ እስከ 16ኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል። የ1985ቱ ቪላኖቫ በምድቡ ስምንተኛ ሆኖ ነው ወደ ውድድሩ የገባው። ከ64 ቡድኖች ጋር የተካሄደ የመጀመሪያው ውድድር ነበር። በመጀመሪያው ዙር ዴይተንን፣ ያውም በዴይተን ሜዳ፣ 51 ለ 49 አሸነፈ። ሚሺጋንን 59 ለ 55። ሜሪላንድን 46 ለ 43። ኖርዝ ካሮላይናን 56 ለ 44። በግማሽ ፍፃሜ ሜምፊስ ስቴትን 52 ለ 45። ነጥቦቹን እዩአቸው። ዛሬ በአንድ አጋማሽ የሚገባ ነጥብ ነው። ለምን? የውርወራ ሰዓት ስላልነበረ። ኳሱን ይዘህ ጥሩ ዕድል እስክታገኝ መጠበቅ ትችላለህ። የቪላኖቫ አሰልጣኝ ሮሊ ማሲሚኖ ቡድኑን በዚያ ሕግ ነው የቀረጸው። ትዕግሥት መሣሪያው ነበር።

ሚያዝያ 1 ቀን 1985፣ ሌክሲንግተን። ጆርጅታውን ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ነው። በዚያው የውድድር ዘመን ቪላኖቫን ሁለት ጊዜ ገጥሞ ሁለቱንም አሸንፏል። ቪላኖቫ በ40 ደቂቃ ውስጥ ወደ ቅርጫት የወረወረው 28 ጊዜ ብቻ ነው። 22ቱን አገባ። በሁለተኛው አጋማሽ አሥር ወርውሮ የሳተው አንድ ነው። ሃሮልድ ጄንሰን አምስት ወረወረ፣ አምስቱም ገቡ። ጆርጅታውንም ከግማሽ በላይ አግብቷል፤ ከ53 29። በማንኛውም ሌላ ሌሊት ይበቃ ነበር። ውጤቱ 66 ለ 64። እስከ ዛሬ ከስምንተኛ ደረጃ በታች ሆኖ ዋንጫ የወሰደ የለም።

በሚቀጥለው የውድድር ዘመን የ45 ሰከንድ የውርወራ ሰዓት ተጀመረ። ቪላኖቫ ካለ ሰዓት የተጫወተ የመጨረሻው ሻምፒዮን ሆነ። ኋላ 35 ሰከንድ ሆነ። አሁን 30 ነው። ታዲያ ለትዕግሥት የተሠራን ቡድን 30 ሰከንድ ሰዓት ጭነህበት፣ አሥር ሺህ ጊዜ አጫውተህ፣ አማካዩን ወስደህ ወጣ በለው። ከቪላኖቫ ቪላኖቫ ያሰኘውን ሁሉ ነጥቀህ ስሙን ብቻ ነው ያስቀረኸው። ያቺን ሌሊት አማካይ ገደላት። እኔን የጆርጅታውኑን ሰው እንኳ ያ አሳዘነኝ።

ይህ አንድ ጊዜ የሆነ ተአምር ነው እንዳትሉ ሁለት ሦስት ልጨምር። በ1990ው ፍፃሜ የላስ ቬጋሱ ዩኤንኤልቪ ዱክን 103 ለ 73 አደቀቀው። በፍፃሜ ታሪክ ትልቁ ልዩነት ነው። በዓመቱ በግማሽ ፍፃሜ እንደገና ተገናኙ። በዩኤንኤልቪ በኩል ላሪ ጆንሰን፣ ስቴሲ ኦግመን፣ ግሬግ አንቶኒ፤ በዱክ በኩል ክርስቲያን ላይትነርና ቦቢ ሄርሊ። ዋናዎቹ ልጆች ያው ናቸው። ዩኤንኤልቪ በዚያ የውድድር ዘመን እስከዚያ ቀን አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም ነበር። ዱክ 79 ለ 77 አሸነፈ። ፕሮግራሙ ያን ቀን ምን ይል እንደነበር ንገሩኝ እስቲ።

ወይም 1968ን ውሰዱ። ጥር 20 ቀን ሂዩስተን አስትሮዶም ውስጥ ከ52 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ዩሲኤልኤን 71 ለ 69 አሸነፈ። ኤልቪን ሄይስ 39 ነጥብ አገባ። አልሲንዶር ዓይኑን ተጎድቶ ነበር የተሰለፈው። ከሁለት ወር በኋላ በግማሽ ፍፃሜ እነዚያው ሁለት ቡድኖች ተገናኙ። ዩሲኤልኤ 101፣ ሂዩስተን 69። ሄይስ 10 ነጥብ። በሁለት ወር ውስጥ የ34 ነጥብ ልዩነት ተገላበጠ። የ1968 ዩሲኤልኤ ስትሉ የጥር ወሩን ነው ወይስ የመጋቢቱን? ሁለቱን አደባልቃችሁ ከሆነ በምድር ላይ ተጫውቶ የማያውቅ ቡድን ነው የፈጠራችሁት።

ከቤቴ ብዙም ሩቅ ያልሆነው የሜሪላንዱ ዩኒቨርሲቲ ዩኤምቢሲ በ2018 ቨርጂኒያን 74 ለ 54 ሲያሸንፍ በየምድቡ አንደኛ ደረጃ የያዙ ቡድኖች እንደ ዩኤምቢሲ ባሉ 16ኛዎች ላይ 135 ጊዜ አሸንፈው አንዴም አልተሸነፉም ነበር። 135 ለ 0! ይህን ለማሽን ብትሰጠው ምን እንደሚል ግልጽ ነው። በእረፍት ሰዓት 21 እኩል ነበሩ። ከዚያ ቨርጂኒያ ፈረሰ። ያው ቨርጂኒያ በዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ያውም በግማሽ ፍፃሜ ሊያበቃ 0.6 ሰከንድ ሲቀረው በተገኘ ፋውል፣ ካይል ጋይ ሦስቱንም ነጻ ውርወራ አግብቶ፣ በአንድ ነጥብ አልፎ። የሻምፒዮን ታሪክ እንዲህ ነው የሚሠራው።

(ሴቶቹን ደግሞ ማንም አልጠራቸውም። የ2024ቱ ሳውዝ ካሮላይና 38 ተጫውቶ 38 አሸንፏል። "የምንጊዜም ምርጥ" ሲሉ የወንዶቹን ማለታቸው እንደሆነ መጻፍ እንኳ አላስፈለጋቸውም። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እመለስበታለሁ።)

ለመዝናናት ነው ካላችሁ ተዝናኑ። እኔም እንዲህ ያለ ክርክር እወዳለሁ። ቡና ላይ ሆኖ ራስል ይሻላል፣ የዩሲኤልኤው ቢል ዋልተን ይሻላል መባባል ደስ ይላል። ልዩነቱ ቡና ላይ የሚከራከር ሰው አስተያየቴ ነው ይላል። ሊረታ ይችላል። ይህ ግን አስተያየቱን ሰጥቶ ሲያበቃ እኔ አይደለሁም፣ ኮምፒውተሩ ነው ይላል። ከኮምፒውተር ጋር ማን ይከራከራል?

ወገን የለውም ካላችሁ ግን ቀላል ማረጋገጫ አለ። ያንኑ ጨዋታ፣ ሳን ፍራንሲስኮና ኬንታኪን፣ በ1956 ሕግ አጫውቱልኝ።

ባለ ሦስት ነጥቡን መስመር አጥፉት። የውርወራ ሰዓቱን አንሱት። የተቀባውን ክልል ወደ 1.8 ሜትር መልሱት። እና አንዲት ሕግ ትቅር እንዳትሉ። በዚያ ዘመን በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ለዋናው ቡድን አይሰለፍም ነበር። ይህ ክልከላ እስከ 1972 ቆይቷል። አልሲንዶር ራሱ ቀምሶታል። በኅዳር 1965 የአንደኛ ዓመት ልጆችን ይዞ የዩሲኤልኤን ዋና ቡድን፣ የሁለት ዓመት ተከታታይ ሻምፒዮኑን፣ 75 ለ 60 አሸነፈው። ሆኖም ያን ዓመት ለዋናው ቡድን አንድ ደቂቃ አልተሰለፈም። ዩሲኤልኤ ለውድድሩ እንኳ ሳያልፍ ቀረ፤ ዋንጫው ወደ ቴክሳስ ዌስተርን ሄደ።

የ2012ቱ ኬንታኪ ቋሚ አምስት ውስጥ ሦስቱ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። ማርከስ ቲግ፣ ማይክል ኪድ ጊልክሪስት፣ አንቶኒ ዴቪስ። ሦስቱንም ወንበር ላይ አስቀምጡልኝ። ከዚያ አሥር ሺህም ይሁን መቶ ሺህ ጊዜ አጫውቱና ውጤቱን በዚያው ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡት።